ከገበያ እስከ ገበያ አንድ ኳስ

ቆቦ ላይ ፑል የሚችል ማነው ብሎ የጠየቀ ሰው የዳዊት ወልደ ሚካኤልን ስም ሳይሰማ አያልፍም ነበር። ዳዊት ራሱም ይህን በደንብ ያውቅ ነበር፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አስረሳሽ ቤት ነው። አስረሳሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ሁለት የፑል ጠረጴዛ ዘርግታ የምትኖር ሴት ናት፤ ባለቤትም ዳኛም፣ ሲጣሉም ገላጋይ እሷው ናት። ዳዊት በሯ ሲከፈት ይገባል፣ ሲርበው ይወጣል፣ ይመለሳል። ኳስ ሲስት "ቆይ እስቲ" ይልና መልሶ አስቀምጦ ደግሞ ይመታል። ቀኑ የሱ፣ ጠረጴዛውም የሱ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥቶት ባይችል ነበር የሚገርመው።

አባቱ አቶ ወልደ ሚካኤል ወፍጮ ቤት አላቸው። የልጃቸው ነገር ሆዳቸውን ሲበላቸው ከርሞ፣ በሰኔ መግቢያ ላይ ቁርጡን ነገሩት። ነሐሴ ላይ ወልዲያ የከተሞች የፑል ውድድር አለ፤ ከየከተማው የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዳዊት ቆቦን ወክሎ ከሄደ ስለ ፑል ዳግመኛ አፋቸውን አይከፍቱም። ካልሄደ ግን በማግስቱ ወፍጮው አጠገብ ቆሞ እህል ይፈጫል፤ ሌላ ወሬ የለም። ዳዊት ሳቅ ብሎ ተስማማ። ማን ሊቀማኝ ነው አለ በልቡ።

ረመዳንን ያኔ ከሰው አልቆጠረውም።

ረመዳን ገበሬ ነው። ከቆቦ በታች፣ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው ሜዳ ላይ ካለች መንደር፣ በገበያ ቀን ማሽላ ወይ ሽንኩርት በአህያ ጭኖ ይመጣል። ጭነቱን እህቱ ሀስና ትሸጣለች። እሱ አህዮቹን ከአስረሳሽ ዳስ ጀርባ ግራሩ ሥር ያስርና፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አንድ ሁለት ጨዋታ ይጫወታል። እህቱ ስትጠራው ይሄዳል። በቃ፤ የሳምንት ልምምዱ ያቺው ናት። መጀመሪያ የመጣ ቀን እንጨቱን እንደ መንሽ ጨብጦ ቢመታ፣ ነጯ ኳስ ከጠረጴዛው ዘላ የገዛ አህያውን ጎኗን አለቻት። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ዳዊትም ትልቅ ሰው ሆኖ "ና እስቲ" አለና አያያዙን አሳየው። ወይ አለማወቅ!

ያ የሆነው ማሽላ ሲታጨድ ነው። ጥር ላይ ሳቁ ቀነሰ። ሰውዬው በየገበያው አንድ ነገር ጨምሮ ይመጣል። ዛሬ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተጣበቀች ኳስ ስታቅተው ያያችሁት ሰው፣ በሚቀጥለው ገበያ ያቺኑ ዓይነት ኳስ ሳይንቀጠቀጥ ይከታታል። የፋሲካ ሰሞን የባጃጅ ሹፌሩን ታረቀኝን አሸነፈው፤ ታረቀኝ ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። ሰኔ ውስጥ ራሱን ዳዊትን አንድ ጨዋታ አሸነፈው። አንድ ጨዋታ ነው፤ ግን አሸነፈው። ከዚያ ፎጣውን አነሳ፣ እንጨቱን ቦታው መለሰ፣ አህዮቹን ፈቶ ሄደ። እልልታ የለ፣ ጉራ የለ።

ዳዊት የዚያን ዕለት እራቱ አልወረደለትም። ከተማው ደግሞ ወሬ አይቸግረውም። አንዱ አስደግሞ ነው አለ። ታረቀኝ ደግሞ በአላህም በማርያምም ምሎ፣ እዚያ መንደር ውስጥ የተደበቀ ጠረጴዛ አለ፣ ሌት ተቀን ይጫወቱበታል አለ። ዳዊት ይህን አመነ። ሌላ ምን ይመን? በሳምንት ሁለት ጨዋታ የሚጫወት ሰው እንዲህ ከሆነ፣ እሱ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ምን ሲሠራ ነበር?

ሐምሌ እንደገባ በታረቀኝ ባጃጅ መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ሄደ፤ ከዚያ በእግሩ ቀጠለ። ጠረጴዛውን በዓይኑ ሊያይ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። መንደሩ ሲደርስ ቤቶቹ ባዶ ናቸው። ወረድ ብሎ ቢያይ የመንደሩ ሰው በሙሉ በደረቁ ወንዝ ዳር አካፋ ይዞ ተሰልፏል። ሰው የሞተ መሰለውና ልቡ ደነገጠ።

ረመዳን አየውና ሳይገረም ሰላም አለው። የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ከጠየቀ በኋላ፣ ዛሬ የውሃ ተራችን ነውና አብሽር፣ ከጎኔ ቁም አለው። ውሃ የታለ ብሎ ዳዊት ወደ አሸዋው ቢያይ እንሽላሊት ይሮጥበታል። ከጎኑ የቆመችው ሀስና ናት ነገሩን ያስረዳችው። በዚህ ሜዳ ዝናብ አይታመንም። ደጋው ላይ የዘነበው ነው ጎርፍ ሆኖ በዚህ የሚወርደው፤ በክረምት ቢመጣ ጥቂት ጊዜ ነው። በተራው ቀን እያንዳንዱ ቤት የአፈር ግድቡን፣ ክትሩን፣ ቆርጦ ውሃውን ወደ ማሳው ይጠልፋል። ቀድሞ የቆረጠ፣ የጎርፉ ግንባር አፈሩን ጠርጎ ይወስድበታል። የዘገየ፣ ውሃው አልፎት ይሄዳል። ተራውን የሚዳኘው የውሃ አባት ነው፤ የዚህ መንደር የውሃ አባት ደግሞ የራሷ አባት አባባ አህመድ ናቸው። የውሃ አባት ግን ለገዛ ቤቱ አካፋ አያነሳም፣ ምክርም አይሰጥም፤ ለራሱ አዳላ እንዳይባል በቤቱ ተራ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ዳዊት ቀና ቢል፣ ረጅሙ ሽማግሌ እውነትም ፊታቸውን ወደ ዞብል አዙረው ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ በዚያ ሐሩር ላይ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ዳዊት ከባድ መኪና መስሎት ወደ ኋላው ዞረ። ዞሮ ሳይጨርስ ጎርፉ በወንዙ መታጠፊያ ብቅ አለ፤ ቡናማ ነው፣ የሰው ቁመት ያክላል፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ከፊቱ እያንከባለለ ይመጣል። መሬቱ ከእግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ። ጌታዬ ሆይ አለ ዳዊት፤ ሌላ የሚለው ነገር አጣ። እንዲህ ያለ ጉልበት ከዚያ ጥርት ካለ ሰማይ ሥር ይመጣል ብለው ቢነግሩት አያምንም ነበር።

ረመዳን ግን አልተጣደፈም። በክትሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመደ። ዳዊት ልብ ብሎ ያየው ይህን ነው፤ ሰውዬው ጎርፉን እምብዛም አያየውም። የሚያየው ታች ያለውን ማሳ፣ ከዚያ በታች ያለውን፣ ከዚያም በታች ያለውን ነው። ግንባሩ አለፈ። ሰው ጮኸ፤ ቁረጥ አሉት። አልቆረጠም። ትንሽ ቆየና አንድ ቦታ ላይ፣ ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ አካፋውን ተከለ። አፈሩ ተናደ። ያ ሁሉ ውሃ ጎንበስ ብሎ፣ እንደተጠራ ሰው፣ ወደ ማሳው ገባ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየወረደ እስከ መጨረሻው ማሳ ደረሰ። ዳዊት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሲረጋጋ፣ በጭቃ የተለወሰውን ረመዳንን የት ነው የምትለማመደው ብሎ በቀጥታ ጠየቀው።

"አስረሳሽ ቤት ነዋ። ሌላ የት አለ?"

"በሳምንት ሁለት ጨዋታ እንዲህ አይኮንም።"

ረመዳን እግሩን ውሃው ውስጥ አለቅልቆ አሰበ። ከገበያ ሲመለስ፣ ከሳታቸው ኳሶች አንዷን ብቻ ይዞ እንደሚመጣ ነገረው። አንዷን። ሲያርም፣ ሲኮተኩት፣ ከብት ሲያጠጣ በልቡ ዙሪያዋን ይዞራታል። ነጯ የት ነበረች፣ ከመታኋት በኋላ የት ትቆም ነበር፣ ቀጥላ የምትመታዋስ የቷ ናት ይላል። ዞሮ ዞሮ ሲያውቃት ገበያው ይደርሳል።

"አንተ ስትስት መልሰህ ታስቀምጣታለህ፤ አይቼሃለሁ" አለው በመጨረሻ። "እኛ ዘንድ ያለፈ ጎርፍ አይመለስም፤ አፋር በረሃ ነው የሚገባው።"

ዳዊት ቆቦ ሲመለስ ታረቀኝ ጠረጴዛውን አገኘኸው ወይ ብሎ ነዘነዘው። አገኘሁት አለው ዳዊት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሳተውን ኳስ መልሶ ማስቀመጥ ተወ። እጁ ለምዶ ወደ ኳሷ ሲሄድ ራሱን እየተቆጣ ይመልሰዋል። ከባድ ነበር። ግን ኳሷን በልቡ ተሸክሟት ቤቱ መግባት ጀመረ።

ወልዲያ የሚሄደውን ለመለየት በሐምሌ መጨረሻ አስረሳሽ ቤት ውድድር ሆነ። ሌላው ሁሉ ተራግፎ ሁለቱ ቀሩ። ተሸናነፉና የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረሱ። ዳሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ነው፤ ከሮቢትና ከጎብዬ ሳይቀር የመጣ አለ። ረመዳን ኳሶቹን ጨርሶ ጥቁሯ ብቻ ቀረችው። ጥቁሯ ከገባች አበቃ፤ ዳዊት ወፍጮ ቤት ነው። ግን ጥቁሯ በዳዊት ሁለት ኳሶች ተከልላ ተደብቃለች፣ ነጯም ራቅ ብላ ጠርዝ ላይ ቆማለች። ቀጥታ መንገድ የላትም። ቢስት ዳዊት የቀሩትን ሁለቱንና ጥቁሯን ለመጨረስ አይቸገርም። ዳዊት እንጨቱን ይዞ ጠበቀ።

ረመዳን ጠረጴዛውን አንዴ ዞረ። ሁለተኛውን ሲዞር ከዳሱ በር አንጻር ደረሰና ቆመ። ውጪ ፀሐይ ነው፤ በስተምዕራብ ግን ተራሮቹ አናት ላይ ድፍን ጥቁር ደመና ተቀምጧል። የዳዊትም ዓይን ተከትሎት ወጣ። ከዳሱ ውስጥ ያ ደመና ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ረመዳን እንጨቱን ቀስ ብሎ ጠርዙ ላይ አስተኛና ወደ ዳዊት ጠጋ አለ።

"ተራችን ዛሬ ነው" አለው። ይህን ብቻ ብሎ ወጣ።

ዳሱ ተቀወጠ። ፈራ የሚለው ፈራ ይላል፣ ናቀን የሚለውም አልጠፋ። አስረሳሽ ደንቡን አስታወሰች፦ ጨዋታ ጥሎ የሄደ፣ ባላጋራው ካመለከተበት ተሸናፊ ነው። ከዚያ ዞራ ዳዊትን አየችው። ሁሉም አዩት። አንድ ቃል ነው የቀረችው፤ በዚያች ቃል ወልዲያ ይሄዳል፣ አባቱም ለዘለዓለም ዝም ይላሉ። ዳዊት ወደ ጥቁሯ ኳስ ተመለከተ። ያ ሰው ተስፋ ቆርጦ እንዳልተዋት ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን ሊያድን ሲሄድ እንኳ፣ ሳያያት እንደነገሩ መትቷት ሊሄድ አልፈቀደም። ይህን ሲያስብ እሱ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሺህ ኳስ ሳያይ እንደመታ ታሰበው።

"አላመለክትም፤ ሸራ አምጪና እንሸፍነው። ማንም እንዳይነካው" አላት።

ታረቀኝ ጭንቅላቱን ያዘ። እብድ ነው አሉ፣ ገበሬው አዙሮበታል አሉ። አስረሳሽ ግን ምንም ሳትል አቧራ መከላከያ ሸራዋን አምጥታ፣ ኳሶቹን እንዳይነካ በአራቱም ማዕዘን ወንበር አቁማ፣ እንደ ድንኳን ዘረጋችው። በሩን ስትዘጋም ቁልፉን ለዳዊት ሳትሰጥ በአንገቷ ማተብ ላይ አሰረችው። እምነት እምነት ነው፤ ደንብም ደንብ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ረመዳን መጣ። ጭቃው ባቱ ላይ ደርቋል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሸራው ተነሳ። የተረፈውን ዙር ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ መታ። ነጯ ኳስ አንዱን ጠርዝ ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ ከዳዊት ኳሶች ጀርባ ዞራ ገባችና ጥቁሯን ለስለስ አድርጋ ገፋቻት። ጥቁሯ እየተንከባለለች መጥታ ዳዊት የቆመበት ቀዳዳ አፍ ላይ ያመነታች መሰለች፤ ከዚያ ወደቀች። ዳዊት መሸነፉ ትዝ ያለው ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ አፉን ከፍቶ ያቺን ቀዳዳ ነበር የሚያይ። ደስ አለው፤ ለምን ደስ እንዳለው ራሱም ግራ ገባው።

ቃል ቃል ነውና በማግስቱ ወፍጮ ቤት ገባ። ፀጉሩና ሽፋሽፍቱ በዱቄት ነጣ። አባቱ የልጃቸውን ዝምታ አይተው አልተሳለቁበትም፤ ለሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሀስና ማሽላ ልታስፈጭ መጣችና፣ ወንድሟ ወልዲያ እንደማይሄድ ነገረችው። የውድድሩ ቀንና የውሃ ተራቸው አንድ ላይ ዋለ። በተራው ቀን ጎርፉ ሲደርስ የቤቱን አካፋ የሚይዝ ሰው ክትሩ ላይ ካልቆመ ተራው ለሚቀጥለው ቤት ያልፋል። አባቷ የውሃ አባት ናቸውና አይችሉም፤ እሷ ደግሞ ታች ማሳው ላይ ሆና ውሃውን የምታከፋፍለው ናት። ዳዊት ወፍጮውን አጠፋው። የወፍጮው ድምፅ ሲቆም ነው ምን ሊናገር እንደሆነ ለራሱም የተሰማው።

"እኔ ልቁም" አላት።

ሀስና ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ተወችው፤ አባቷ ዘንድ ወሰደችው። አባባ አህመድ በጥሞና ሰሙት። ልጃቸው ረመዳን ከጎን ቁጭ ብሎ መሬቱን ያያል፤ ማሽላው የሚያሸተው በዚህች የመጨረሻ ውሃ እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ።

"ስንት ጎርፍ አይተሃል ልጄ?" አሉት ሽማግሌው።

"አንድ ነው አባባ።"

"ካየኸው ይበቃል" አሉ። ከዚያ ረመዳንን እያዩ፣ አንተ ጥለሃት የሄድከውን ኳስ ያልነካ ሰው ውሃዬን አያፈስብኝም፣ ወልዲያ ሂድ አሉት።

ከዚያ ወዲያ ዳዊት ሌላ ሥራ አልነበረውም። እህል እያፈሰሰ፣ ዱቄት እየከነበለ በልቡ ያንን ክትር ይዞራል። ውሃው ከየት ነበር የመጣው፣ ረመዳን የት ቆመ፣ ከመጀመሪያው ማሳ በኋላ ውሃው ወዴት ነበር የዞረ? ልምምድ የሚባል የለም፤ ሄዶ የሚሞክረው ጎርፍ የለም። የገባው ያኔ ነው፤ ረመዳን ዓመቱን ሙሉ ምን ሲያደርግ እንደነበር። በቀኑ ከአባቱ ፈቃድ ጠየቀ። ፑል ነው ወይ አሉት በጥርጣሬ። ጎርፍ ነው አላቸው። አቶ ወልደ ሚካኤል ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና የገዛ አካፋቸውን ሰጡት።

ከሰዓት በኋላ፣ ክትሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሽታው መጣ። አባባ አህመድ ዱላቸውን አንስተው ወደ ዞብል ዞሩ። ድምፁ ተከተለ፤ ከዚያ ጎርፉ ራሱ፣ ከመጀመሪያው የባሰ፣ የተሰበረ ድልድይ እንጨት ተሸክሞ በመታጠፊያው ወጣ። ዳዊት ፈራ። ከልቡ ፈራ፤ የሰው ማሽላ ነው፣ ደግሞ የሚባል ነገር የለም። ዓይኑን በግድ ከጎርፉ አንስቶ ወደ ታች ላከው። የመጀመሪያው ማሳ፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ በታች ሀስና ልብሷን ሰብስባ የቆመችበት። በክትሩ ላይ ተራመደ። ቁረጥ ብለው ጮሁበት። አንዱማ አካፋውን ሊቀማው ዘለለ። ውሃው ካለፈው ጎርፍ ይልቅ ወደ ግራ እንደሚያደላ አየ፤ ረመዳን ቆርጦበት የነበረው ቦታ ዛሬ አይሆንም። አራት እርምጃ ያህል ወረደና የአባቱን አካፋ ተከለ።

አፈሩ ያዘ፣ ተሰነጠቀ፣ ተናደ። ውሃው ጎንበስ አለ። ገባ። ዳዊት እንደ ሐውልት ደርቆ ቆሞ፣ ውሃው ከማሳ ማሳ ሲወርድ አየ፤ በመጨረሻ ከሩቅ ሀስና እጇን ከፍ አደረገች። እንባው መጣ፤ አልደበቀውም።

"ገባ ወይ?" አሉ አባባ አህመድ፣ አሁንም ፊታቸው ወደ ዞብል ነው።

"ገባ አባባ።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉና ዞሩ።

በማግስቱ ረመዳን ከወልዲያ መጣ። ቆቦ ላይ ሰው ሲጠብቀው ሳይቆም አልፎ በቀጥታ መንደሩ ገባ። ዳዊት የፈረሰውን ክትር ከመንደሩ ሰው ጋር ሲጠግን አገኘው። የረጠበውን ማሳ እስከ ጥጉ አየ፤ ከዚያ መጥቶ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ቆመ። የሱ ቦታ አለመሆኑን አየና፣ የት ቆመህ ነው ያየኸው ብሎ ጠየቀው። ዳዊት እጁን ይዞ ወሰደውና የቆመበት ላይ አቆመው። ረመዳን ከዚያ ወደ ታች አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዳዊት በዕድሜው ብዙ ጭብጨባ ሰምቷል፤ እንደዚያ ራስ መነቅነቅ ልቡን የሞላው ግን አልነበረም።

ያኔ ነው ወልዲያ ትዝ ያለው። እስከዚያ ሰዓት ማን አሸነፈ ብሎ ማንንም አልጠየቀም ነበር።

"ወልዲያስ?" አለው።

"መጨረሻው ላይ አንዷን ሳትኩ" አለ ረመዳን። "ይዣት መጥቻለሁ።"

ጎንበስ ብሎ በእርጥቡ አፈር ላይ በጣቱ ጠረጴዛውን ሣለ፤ ነጯን በጠጠር፣ ጥቁሯን በከሰል ስባሪ አስቀመጠ። ዳዊት አካፋውን ጣለና መጣ። ሁለቱም ምንም ሳይነኩ ዙሪያዋን መዞር ጀመሩ።